ባለ ካባዋ ምጽላል

ከሮማናት ወደ ሓድነት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነው የሰማሁት። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «ኣያ ታደሰ፣ ባለ ካባዋ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። ሰምተሃል?» አለችኝ።

«የቷ ባለ ካባ?» አልኳት። የቷ እንደሆነች ጠፍቶኝ አይደለም። ምናልባት በከተማው ሌላ ባለ ካባ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው። ሴትዮዋ ገብቷት ኖሮ እጇን ትከሻዬ ላይ እንዳደረገች ቆየች። እኔም «ወራጅ» ማለት ጠፍቶኝ ቤቴን አልፌ ሄድኩ።

ካባው እንኳ ከምጽላል ቤት ከወጣ ሰንብቷል። ቢሆንም እስክትሞት ድረስ ስሟ ባለ ካባዋ ነበር። ካባው እንዴት እንደወጣ ሰው ብዙ ያወራል። አንዳንዱ ሸጠችው ይላል፤ አንዳንዱ በጦርነቱ ጊዜ ተወሰደባት ይላል። እኔ ያየሁትን አውቃለሁ። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው፤ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

ሰፈሩ ኣደይ ምጽላል፣ እናቴ ምጽላል፣ ይላታል። እኔ ከመሐል አገር የመጣሁ ስለሆንኩ ከመጀመሪያው እትዬ ምጽላል አልኳት፣ በዚያው ቀረ። እሷ ደግሞ ሓወይ ትለኛለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ስትናደድብኝ ግን «ኣንታ ካውያ!» ነበር ስሜ። ሥራዬ ልብስ መተኮስ ስለሆነ ነው።

ረጅም፣ ትከሻዋ እንደ ወንድ የሰፋ ሴት ነበረች። ባሏ ገና በጎልማሳነቱ ሞቶባት፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች እየሸጠች አንድ ልጇን ክብሮምን ብቻዋን አሳደገች። ወደ ሱቄ ስትገባ በር ላይ የቆመ ደንበኛ ሁሉ ያነጥሳል። እሷም ምንም ሳይመስላት፣ «ይማርህ፤ ይሄ እንኳ ለስላሳው ነው» ትላለች።

ካባው የባሏ አያት ንብረት ነበር። ሰውየው ከመኳንንት ከአንዱ በሽልማት አግኝቶት ለልጁ፣ ልጁም ለልጁ እያወረሰ እሷ ዘንድ ደረሰ። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ያ ጠጉር ያለው፣ ሲነኩት እንደ ጥጃ ጆሮ የሚለሰልሰው ጨርቅ። በወርቅ ክር ተጠልፏል። ከአንገቱ ጀምሮ በደረቱ ግራና ቀኝ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ትከሻው ላይ አበባ አለው፤ ከታች ዙሪያውን ትንንሽ መስቀል ነው። ገበሩ ቀይ ሐር ነው። የዛሬ ሙሽሮች የሚከራዩትን ካባ ብዙ ተኩሻለሁ፤ የዚያ ጥልፍ በማሽን የተሠራ ነው፣ ፊቱ ያምራል፣ ጀርባው ግን ክሩ ተዝረክርኮ ታየዋለህ። የምጽላል ካባ ገበሩ ተፈትቶ ጀርባውን ሳየው እንደ ፊቱ ነበር። የጠለፈው ሰው ማንም የማያየውንም አልተወውም።

መጀመሪያ ሱቄ ይዛው የመጣች ቀን በነጭ አንሶላ ጠቅልላ አቅፋው ነበር። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«መጀመሪያ ካውያውን አውጣው» አለችኝ።

«ከየት ላውጣው?»

«ከቤት። ይሄ ልብስ ካውያ ሲያይ አይወድም።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከፋይ ካውያ ከነካው ጠጉሩ እንደሚተኛ፣ ከተኛም እንደማይነሳ እኔም አውቃለሁ አልኳት። «ከሆነ መልካም፤ ብታውቅም ግን አውጣው» አለች። አወጣሁት። ከዚያ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍልተን፣ ካባውን ከላይ ሰቅለን፣ በእንፋሎቱ ጠጉሩን እያነሳን በለስላሳ ብሩሽ አበጠርነው። ሥራው እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀምጣ እንደ ሐኪም ቤት አስታማሚ እያንዳንዱን እንቅስቃሴዬን ተከታተለች። ራሷ ልትነካው ስትፈልግ በመዳፏ አትነካውም። መዳፏ በበርበሬ ሥራ ሻክሯል፣ ክሩን ይይዛል። በእጇ ጀርባ ነበር የምትዳስሰው። በኋላ ሳስተውል ሕፃን ልጅም ስትዳብስ በእጇ ጀርባ ነው። ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ።

ካባውን የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ይለብሰዋል፤ ዋጋ አትቀበልም። ቃሏ ግን ብዙ ነው። ለብሶ መቀመጥ የለም፤ የግድ ከሆነ ጫፉ ወደ ኋላ ይነሳል። ሽቶ በልብሱ ላይ አይረጭም። ዝናብ ከመጣ ሙሽራው ይራስ፣ ካባው ግን መኪና ውስጥ ይግባ። ከሁሉ በላይ ለብሶ መብላት ክልክል ነው። ይህን ለማስከበር በየሠርጉ ራሷ ትሄድና ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እሷ ራሷ ምግቡን አትቀምስም ማለት ይቻላል፤ ዓይኗ የሙሽራው እጅ ላይ ነው።

የጎረቤታችን የአልጋነሽ ልጅ ዳዊት ሲያገባ እኔም ነበርኩ። ዳዊት ሳቂታ ልጅ ነው። ሚዜዎቹ አጎረሱት፣ ወጡ ከእንጀራው ጫፍ ሊንጠባጠብ ሲል ከእንግዶቹ መሐል ድምፅ ተሰማ።

«ኣንታ ዳዊት! ወጡ!»

ዳዊት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምጽላል በወንበሮቹ መሐል እየገፋች መጣችና ያንን ካባ የምትጠቀልልበትን ነጭ አንሶላ ከቦርሳዋ አውጥታ አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ እንደተቀመጠ ልጅ አስመሰለችው። «አሁን ብላ፣ እንኳን ወጥ ቅባኑግም ይፍሰስብህ» አለችው። ሰው ሁሉ ተንከተከተ። ሙሽሪት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በቬሏ ሸፈነች። ፎቶ አንሺው ይህንኑ አነሳው።

አልጋነሽ ተናዳ ነበር። «ምጽላል ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ልጄን በሠርጉ ቀን ሕፃን አደረግሽው!» አለቻት።

«ሕፃን እኮ ነው። ስታሳድጊው ወጥ መብላት አላስተማርሽውም» አለች ምጽላል። ሁለቱ ተዋደው የሚነታረኩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዷ ያለ ሌላዋ ቀኑ አይመሽላትም።

ካባው እንዲህ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር፣ እሷ አንድ ሠርግ ነበር የምትጠብቀው። የክብሮምን። ክብሮም ኤሌክትሪክ ይማር የነበረ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ እንደ እናቱ ረጅም። ካባውን ለሌላ ሰው ስትሰጥ «ልጄ እስኪደርስ እያሟሟቅኩለት ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ ካባውን በመስታወት ሳጥን አድርጎ ሆቴል መግቢያ ላይ ሊያኖረው ፈልጎ ለመናት። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበር የተነጋገሩት።

«ክብር ነው እማማ፤ ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።»

«ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ማንን ያገባል?» አለችው።

ሰውየው እንደመጣ ተመለሰ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ ስለ ምጽላል ነው የምጽፈው። ክብሮም አንድ ማለዳ ከጓደኞቹ ጋር ሊዋጋ ወጣ። እሷ በዚያን ሰዓት በርበሬ እያሰጣች ነበር። ሲሰናበታት እጇ በርበሬ ስለነበር አላቀፈችውም፤ ግንባሯን ግንባሩ ላይ አሳርፋ ብቻ ሸኘችው። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ደግማ አላነሳችውም።

ፍተሻና ዘረፋ በበዛበት ወቅት ካባውን ፍራሿ ውስጥ ሰፍታ በላዩ ተኛችበት። ቤቷ ሲበረበር ምጣዱ ሳይቀር ሲወሰድ፣ ፍራሿ ግን አሮጌ ስለሆነ ማንም አልፈለገው። በረሃቡም ጊዜ አልሸጠችውም። ባለቤቴ ለምለም አንድ ቀን፣ «እትዬ ምጽላል፣ አንቺ ከምትሞቺ ልብሱ ቢሄድ አይሻልም?» ብትላት፣ «ክብሮም መጥቶ ምን ለብሶ ሊያገባ ነው?» አለቻት። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ሰላም ሆኖ ፍራሹን ስትፈታው ጠጉሩ ሁሉ ተኝቶ ነበር። ሱቄ አመጣችው። እንፋሎት አሳየነው፣ አበጠርነው፤ ከሞላ ጎደል ተነሣ። በአንድ ትከሻው ላይ ግን፣ ዳሌዋ ባረፈበት በኩል፣ ሰሐን የሚያህል ቦታ እምቢ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ። «ተወው፤ ማስታወሻ ይሁነኝ» ብላ ጠቅልላው ሄደች።

ልጆች መመለስ ጀመሩ። ክብሮም አልመጣም። ከተመለሱት መሐል አይቶታል የተባለ ካለ ሰፈሩ ሩቅ ቢሆንም ትሄድ ነበር። አንዱ «ቆስሎ ነበር ሲሉ ሰማሁ» ይላታል፤ ሌላው «ከኛ ጋር የነበረው ሌላ ክብሮም ነው» ይላታል። እሷ ለሁሉም አንድ ነገር ነው የምትለው፤ «የሰማኸውን ተወው። ያየኸውን ንገረኝ።» ያየ ግን አልተገኘም።

ቀጥሎ መርዶ በየቤቱ የተነገረበት ጊዜ ደረሰ። የዚያን ሰሞን ከተማው ምን እንደሚመስል ለነበረ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ላልነበረ ሰው ደግሞ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ሰው በር ሲንኳኳ ቆሞ ይቀራል። የአልጋነሽ በር ተንኳኳ። የምጽላል በር አልተንኳኳም።

እዚህ ላይ ልማዱን መናገር አለብኝ። ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ ልብሱ ይወጣና ይለቀስበታል። እናቱ ወይም እኅቱ ልብሱን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ በሐዘንተኛው መሐል ትዞራለች፤ ሰው ገላውን እንዳየ ቆጥሮ እርሙን ያወጣል። አንዴ ለልቅሶ የወጣ ልብስ ደግሞ ለደስታ አይመለስም። ማንም ሙሽራ አይለብሰውም። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለነዳያን ይሰጣል።

አልጋነሽ የዳዊት የሚባል አንድ ልብስ አልነበራትም። ቤታቸው ተዘርፏል፤ እሷ ተፈናቅላ ስትመለስ ያገኘችው ግድግዳውን ነው። የቀራት በስልክ የነበረና ያሳጠበችው አንድ ፎቶ ነው፤ ዳዊት በሠርጉ፣ በካባው ላይ ነጭ አንሶላ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ አፉን ከፍቶ። ፎቶውን ይዛ ምጽላል ቤት ሄደች። ባለቤቴ እዚያ ስለነበረች ቃሉን የማውቀው ከእሷ ነው።

«ምጽላል ሓፍተይ» አለቻት፤ «የልጄን ገላ የነካ ጨርቅ በዓለም ላይ ያንቺ ካባ ብቻ ነው ያለው። ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እምቢ ብትይኝም አልቀየምሽም።»

ምጽላል ፎቶውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «አንሶላውን ባላስርበት ኖሮ ካባው በደንብ ይታይ ነበር» አለች። ፎቶውንም መልሳ ሰጠቻት። አልጋነሽም ተነሥታ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ምጽላል ካባውን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሳልጠየቅ ካውያውን አወጣሁ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ።

«ማን ሊያገባ ነው?» አልኳት። የአልጋነሽን ነገር ከባለቤቴ ሰምቼ ነበር፣ ግን ሰው አፉ ላይ የለመደው ይቀድመዋል።

«ዳዊት ነው» አለችኝ።

እንፋሎቱ በመሐላችን ይወጣል። ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ አልቻልኩም። «እትዬ ምጽላል፣ ክብሮምስ?» አልኳት። «ሲመጣ ምን ልትይው ነው?»

«ሲመጣ?» አለች። «ሲመጣማ ሸሚዝም ይበቃዋል። የመጣ ልጅ ምን ቢለብስ ያምርበታል።» ከዚያ ብሩሹን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ማበጠር ጀመረች። «ይልቅ ይህን ጫፉን አንሣልኝ። ሰው ሊያየው ነው።»

በልቅሶው ቀን አልጋነሽ ካባውን በሁለት እጇ ዘርግታ ስታነሣው ፀሐዩ ወርቁ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ አንድ ላይ ጮኹ። አልጋነሽ ልጇን በስሙ እየጠራች፣ ካባውን አንዴ ወደ ደረቷ እየሳበች፣ አንዴ ወደ ሰዉ እየዘረጋች ዞረች። ፎቶውን የዳዊት ሚስት ይዛው ነበር። አንሶላ አስሮ አፉን የከፈተው ልጅ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሐል ሊጎርስ ይጠብቃል። ምጽላል እንደ ሠርጉ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን ከካባው አላነሣችም። ለዳዊት ከልቧ አለቀሰች።

አንዴ ከወጣ በኋላ ካባው የአልጋነሽ ብቻ ሊሆን አልቻለም። ያንን ካባ ለብሰው ያገቡ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ከመሐላቸው ያልተመለሱም ነበሩ። እናቶቻቸው አንድ በአንድ እየመጡ ለመኑት። ለአንዷም እምቢ አላለችም። ካባው በየሠርጉ እንደዞረው አሁን በየልቅሶው ዞረ። እሷም ተከትላው ሄደች። በየጊዜው ሱቄ ሲመጣ የወርቁ ክር ይበልጥ ላልቶ፣ ገበሩ በእንባና በአቧራ ጠቁሮ አየዋለሁ። «ሰው አጥብቆ ይይዘዋል» ትለኝ ነበር። «ሙሽሮቹ እንዲህ አልያዙትም።»

በኋላ ለተሠራው ስሕተት መነሻው ይህ ነው። ሰው በየቤቱ ሲያወራ፣ «እናት የልጇን የሠርግ ካባ ለልቅሶ አትሰጥም፤ ምጽላል የክብሮምን መርዶ በሌላ መንገድ ሰምታለች፣ ለብቻዋ ይዛው ነው» ተባለ። ነገሩ ለማንም ሰው እውነት ይመስል ነበር። እድሩ ተሰብስቦ፣ «ሐዘኗን ለብቻዋ ውጣ ልትሞት ነው፤ እኛ እናውጣላት» ብሎ ወሰነ። ክፋት አልነበረበትም። እሷ በርበሬ ልትገዛ ኵሓ በሄደችበት ቀን ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ሰው ተጠራ። እኔም ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መርዶ ሳይመጣ ድንኳን ይተከላል ብሎ የሚያስብ ሰው የለምና እኔም መጥቷል ብዬ ነው።

ምጽላል ጆንያዋን ተሸክማ መንገዱ ጫፍ ስትደርስ ልቅሶ ሰማች። ግቢውን ከብዙ ጎረቤት ጋር ስለምትጋራው ከአንዳቸው ቤት ሐዘን እንደደረሰ ገመተች። ጆንያውን ከአጥሩ ሥር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ለሐዘን ገልብጣ ለብሳ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። ሴቶቹ ሲያዩዋት ልቅሶው በረታ፤ ድንኳኑ ተናወጠ። እሷም መሬት ላይ ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያለቅሰው። እያለቀሰች አጠገቧ ላለችው ሴት ጎንበስ ብላ፣ «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሴትዮዋ ፊቷን ሸፈነች።

ምጽላል ቀና አለች። የድንኳኑ ገመድ የታሰረበትን በር አየች። የራሷ በር ነበር። በዚህን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ «ክብሮም» ብላ በግጥም ጠራችው።

ምጽላል ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችው፤ እንደ ሁልጊዜው አድርጋ መልሳ ለበሰችው።

«መርዶውን ያመጣው ማነው?» አለች።

የእድሩ ሰብሳቢ ሽማግሌ ነው፤ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምጽላል ጓለይ፣ ልጄ፣ ካባውን ስትሰጪ ሰምተሽ ነው ብለን…»

«ከማን ልሰማ?»

«የልጅሽን ካባ…»

«ካባውን የሰጠሁት ዳዊት ስለሞተ ነው» አለች። «ክብሮም ስለሞተ አይደለም። ሁለቱን ማን አገናኘው?» ወደ ሰዉ ዞረች። «ከመሐላችሁ ያየ አለ? ካለ ይነሣና ይንገረኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከሌለ ድንኳኑን ንቀሉ።»

ያየ አልነበረም። ወንዶቹ ካስማውን መንቀል ጀመርን። እሷ ጆንያዋን ከአጥሩ ሥር አምጥታ ስታበቃ፣ «ንፍሮውን ግን አትመልሱት፤ ሳይበላ የመጣ ይኖራል» አለች። ራሷ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ከዚያ በኋላ ሱቄ መጥታ ሥራ ሳይኖራት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ሓወይ፣ ያን ቀን ሲያለቅሱ ሰምተሃቸዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ግጥሙን አስተውለኸዋል? ዝምተኛነቱን፣ ቁመቱን፣ የኤሌክትሪክ ትምህርቱን፣ ሁሉንም አስገብተውበታል።» በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «እንደዚያ ያለ ግጥም በአንድ ቀን አይመጣም። እኔ ስጠብቀው እነሱ ይዘጋጁ ነበር ማለት ነው።»

እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ሻይ አዘዝኩላት፤ ቀዘቀዘ።

የመጨረሻዋ እናት አልቅሳ ስትጨርስ ካባውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። ደህናው ደህናው ተቆርጦ ለታቦት መውጫ ጥላ ተሠራበት፤ የትከሻው ከፋይ ጣሪያውን፣ የደረቱ ሐረግና የታችኛው መስቀል ዙሪያውን ሆነ። በጥምቀት አብረን ቆመን አየነው። በሕዝቡ ላይ ከፍ ብሎ እየተሽከረከረ ሲያልፍ ምጽላል ክንዴን ያዘችኝና፣ «ያቺውልህ! በግራ በኩል፣ ያልተነሣችው! የተኛሁባት ናት» አለችኝ። እንደ ልጅ ሳቀች። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ታቦት በሚያልፍበት ምን ያስቃታል ብለው አዩን። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታመመች። ያስታመመቻት አልጋነሽ ናት፤ እኔና ባለቤቴ እየተመላለስን እናግዛት ነበር። በአልጋዋ ላይ ሆናም በር ሲንኳኳ ራሷን ቀና ታደርጋለች። ስለ ክብሮም ያለችው የመጨረሻ ነገር ምን እንደሆነ የምታውቀው አልጋነሽ ብቻ ናት።

ከታክሲው ወርጄ በእግሬ ስመለስ ድንኳኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ተተክሎ አገኘሁት፤ በዚያው በር ላይ ታስሮ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት፤ ስንመለስ ልቅሶው ጸና። ከገጠር የመጣች የባሏ ዘመድ፣ በግጥም የታወቀች ሴት፣ መሐል ገብታ የምጽላልን ትከሻ፣ የምጽላልን ልብ፣ የምጽላልን ደግነት እያነሣች አስለቀሰችን። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ክብሮም» ልትል አፏን ስትከፍት አልጋነሽ ተነሥታ መዳፏን አፏ ላይ አደረገችው።

ሰዉ ደነገጠ። የገጠሯ ሴት የአልጋነሽን እጅ ገፋችው። «ምን መሆንሽ ነው? በሕይወት ሳለች አከበርንላት። አሁን እሷም ሄደች። ልጁ እስከ መቼ ነው ሳይለቀስለት የሚቀረው? ውሻ ነው እንዴ?»

ነገሩ እውነት ነበረው። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ያ ልጅ የሚያለቅስለት አጥቶ መቅረቱ ከብዶኝ ነበር።

አልጋነሽ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «የእኔን ልጅ ከእኔ ጋር ሆና አልቅሳልኛለች» አለች። «የእሷን ልጅ እሷ በሌለችበት አላስለቅስባትም።»

የገጠሯ ሴት ወደ እኔ ዞረች። «ኣቦይ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ፤ ንገራት።»

ሁሉም አየኝ። «ምጽላልን ብቻ አልቅሱ» አልኩ።

አለቀሱ። እናትን የወለደችውን ሳይጠሩ ማልቀስ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት። በኛ ግጥም እናት የምትመሰገነው በልጇ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻው ላይ ወደ ልጁ ስም ይሄዳል። ሴትዮዋ እየገጠመች እዚያ ትደርሳለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ትውጠዋለች። ተቀባዮቹም አብረዋት ዝም ይላሉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሌላው ስንኝ ይጀመራል፣ ይሄዳል፣ እዚያው ይደርሳል፣ ይቆማል። እስኪመሽ ድረስ እንዲህ አለቀስናት። በዚያች ዝምታ ላይ ሁሉ አልጋነሽ ወደ በሩ ታይ ነበር።